ቅጠሉን ሳያዩ ቅጠል ይስላሉ
ከ5 እስከ 6 ዓመት የሆናቸውን 14 ልጆች አስተምራለሁ። የሥዕል ጊዜያችን በሳምንት 2 ቀን፣ 30 ደቂቃ ነው። ጠረጴዛው ላይ ቅጠል፣ ላባ፣ ድንጋይና ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አስቀምጣለሁ። እርሳስ፣ ክሬዮንና 3 አጉሊ መነጽሮች አሉን።

ችግሩ ልጆቹ ፊታቸው ያለውን አያዩም። «ቅጠሉን ሳሉ» ስላቸው ሁሉም የለመዱትን ይሞነጭራሉ፤ የልብ ቅርጽ፣ መሃሉ ላይ አንድ መስመር፣ አለቀ። እጃቸው ላይ ያለው ቅጠል ግን ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ነው!

ወረቀቱን ሳያዩ፣ ዓይናቸውን በቅጠሉ ጠርዝ እያስኬዱ እንዲስሉ ሞከርኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሁለቱ ደግሞ «አበላሸሁት» ብለው አለቀሱ። አጉሊ መነጽሩ የጓደኛ ዓይን ማያ ሆኖ ቀረ። እኔ ስዬ ባሳያቸው የእኔን ገለበጡ፣ ስለዚህ ተውኩት።

ትንሽ የሠራልኝ ቅጠሉን በጀርባው ገልብጠን፣ ወረቀት ደርበን፣ ክሬዮኑን አጋድመን ስናሸው ነው። በጀርባው በኩል ጅማቶቹ ጎላ ስለሚሉ ጥርት ብለው ወጡ። ልጆቹ ጉድ አሉ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ግን ያው ልብ፣ ያው መስመር።

አንዲት ልጅ ብቻ ትል የበላውን ቀዳዳ አይታ እሱን ብቻ ትልቅ አድርጋ ሳለችው፤ ዙሪያው ያለው ቡናማ ጠርዝ ሳይቀር። የምፈልገው ይህንን ነው። ሥዕሉ አማረ አላማረ ግድ የለኝም።

በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆችን ያስተማራችሁ፣ እርሳስ ከመያዛቸው በፊት በደንብ እንዲያዩ ያደረጋችኋቸው ምን ብላችሁ፣ ወይስ ምን አሠርታችሁ ነው?