የኖርዌይ ስደተኞች ደብዳቤዎች በአደራ ደረሱኝ፤ ምን ላድርጋቸው?

የሚኒያፖሊሷ

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው፤ ቅድመ አያቶቹ ከኖርዌይ መጥተው በሰሜን ምሥራቅ አዮዋ፣ ዲኮራ ከተማ አጠገብ ያረሱ ገበሬዎች ናቸው። አማቴ የእርሻ ቤቱን ሸጠው ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ የቤተሰቡን ወረቀት በሙሉ «አንቺ ለዕቃ ትጠነቀቂያለሽ» ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ያለው በአንድ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው። ክዳኑ በአበባ ሐረግ ተሥሏል፤ ፊቱ ላይ የሰው ስምና 1868 ይላል።

ደብዳቤዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ከነፖስታቸው። አንዳንዱ ፖስታ ዙሪያው ጥቁር የተቀባ ነው። የዜግነት ወረቀት፣ ፎቶግራፎች፣ የጋዜጣ ቁራጮች፣ እንቁላልና ክሬም የተሸጠበት የሂሳብ ደብተርም አለ። ጽሕፈቱን ባለቤቴም እናቱም ማንበብ አይችሉም።

የባለቤቴ እኅት በፕላስቲክ አሽገን ለልጅ ልጆች እናከፋፍል ትላለች። ዋርሳዬ ደግሞ የሂሳብ ደብተሩና ባዶ ፖስታዎቹ ይጣሉ ባይ ነው። እኔ በጋብቻ የገባሁ ስለሆንኩ አፌን ሞልቼ መናገር ከበደኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቀልጣፋው

ሁሉንም በስልክሽ ፎቶ አንሺና ኢንተርኔት ላይ አስቀምጪ። ወረቀቱን ለልጆቹ ማከፋፈሉ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሁሉም ማስታወሻ ይኖረዋል።

አሮጌ ወረቀት ጠጋኝ

እህቴ፣ ከላይ ያለውን ምክር አትስሚ። ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚሁ አሜሪካ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የተጎዳ ወረቀት ስጠግን ነው። በፕላስቲክ የታሸገ የአያቱን ደብዳቤ ይዞ «አውጣልኝ» ለሚለኝ ሰው የምመልሰው አልነበረኝም። ፕላስቲኩ በሙቀት ከወረቀቱ ጋር አንድ ይሆናል፤ ወረቀቱን የሚበላው አሲድም ውስጡ ታፍኖ ሥራውን ይቀጥላል።

ማከፋፈሉ ከዚያ የባሰ ነው። ስምንት ቦታ የተበተነ የደብዳቤ ክምችት በሚቀጥለው ትውልድ ስምንት ቦታ ይጠፋል። ደግሞ እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይመላለሳሉ፤ በአንዱ ደብዳቤ የታመመው ወንድም በሌላው ይቀበራል። ጥቁር ጠርዝ ያለው ፖስታ መርዶ ነው። ተቀባይዋ ገና ሳትከፍተው በፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ አውቃዋለች። ዋርሳሽ «ባዶ» ያለው ይህንን ነው! ደብዳቤው ቀን ባይኖረው እንኳ የፖስታው ማኅተም ቀንና ቦታ ይናገራል። የሂሳብ ደብተሩን በተመለከተ፣ እኔ ምረጥ ብባል ከሁሉ አስቀድሜ እሱን እይዛለሁ። ሰው ለዘመዱ ሲጽፍ ኑሮውን ያሳምራል፤ የክሬም ሂሳብ ላይ የሚያሳምረው ነገር የለም።

አንድ ነገር ልብ በይ። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ደብዳቤዎች በአብዛኛው ከኖርዌይ የመጡ መልሶች መሆን አለባቸው። የባለቤትሽ ቅድመ አያቶች ራሳቸው የጻፏቸው ከተረፉ ያሉት ባሕር ማዶ ነው። ያንቺ ሣጥን የጭውውቱ ግማሽ ነው።

የኖርዌይ ስደት ታሪክ የሚጀመረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1825 «ሬስታውራሲዮን» የተባለች ትንሽ መርከብ 52 ሰዎች ይዛ ከስታቫንገር ስትነሣ ነው። ኒው ዮርክ የደረሱት በኦክቶበር ሲሆን 53 ሆነው ነበር፤ በመንገድ ሕፃን ተወልዳለች። በመቶ ዓመት ውስጥ ከ800 ሺህ በላይ ሰው ተከተላቸው። መቶኛው ዓመት በ1925 ሲከበር የኖርዌይ አሜሪካውያን የታሪክ ማኅበር ተመሠረተ። የመጀመሪያው ጸሐፊ ልብ ወለድ ደራሲው ኦሌ ሮልቫግ ነበር፤ ወረቀቱን መሰብሰብም የእሱ ሥራ ነበር። ማኅበሩ ዛሬም ሚኒሶታ ውስጥ፣ ኖርዝፊልድ፣ በሴንት ኦላፍ ኮሌጅ ይገኛል። ካንቺ ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። ዋናዎቹን እንደተሰበሰቡ ለእነሱ ስጡ፣ ቅጂውን ለእያንዳንዱ ልጅ አድሉ። ሣጥኑን ከፈለጋችሁ ሳሎን አኑሩት፤ ዲኮራ ያለው የቬስተርሃይም ሙዚየም በእንዲህ ያለ ሥዕል የታወቀ ነው።

እስከዚያው ግን ወረቀቱን ከሣጥኑ አውጪ። እንጨት ራሱ አሲድ ይተፋል። አሲድ በሌለው ካርቶን አድርጊና ሰው በሚኖርበት ክፍል አስቀምጪ፤ ምድር ቤት ይረጥባል፣ ከጣሪያ ሥር ይግላል። ላስቲክና የዛገ ማያያዣ ቀስ ብለሽ አንሺ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፊ። የጋዜጣ ቁራጮቹን ለብቻ አድርጊ፤ ጎናቸው ያለውን ሁሉ ቡናማ ያደርጋሉ። ቁጥር መጻፍ ካለብሽ ማኅደሩ ላይ፣ በእርሳስ። ስካን ስታደርጊ ፖስታውንም የደብዳቤውንም ጀርባ ጨምሪ፤ ወረቀት ለመቆጠብ በኅዳጉ ዙሪያ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩና።

የሚኒያፖሊሷ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፉትን ለባለቤቴ ተረጎምኩለት። አማቴ ግን የገዛ አያቶቻቸውን ቋንቋ ለምን ሳይማሩ ቀሩ?

አሮጌ ወረቀት ጠጋኝ

አዮዋ ስለሆነ ነው ብዬ እገምታለሁ። በ1918፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ገዥው ዊልያም ሃርዲንግ በትምህርት ቤት፣ በአደባባይ፣ በባቡር፣ በስልክ ሳይቀር ከእንግሊዝኛ በቀር እንዳይነገር አዘዘ። ስብከትም ጭምር። ትእዛዙ ዓመት ባይቆይም ብዙ ወላጅ ከዚያ በኋላ ለልጁ ቋንቋውን ማውረስ ፈራ።

ከኦስሎ

እኔ የምኖረው ኦስሎ ነው፤ በንባቡ በኩል ትንሽ ላግዝ። ያ የማይነበበው ጎቲክ የሚባለው የድሮ የእጅ ጽሕፈት ነው። የዛሬ ኖርዌጂያንም አብዛኞቹ አያነቡትም። «ኤ» የሚያሰማው ፊደል (e) ቁርጥ የላቲኑን n ይመስላል፤ «ኡ» የሚያሰማው (u) በላዩ ትንሽ ቅስት አለው። እነዚህን ሁለቱን ከለየሽ ስሞችን መያዝ ትጀምሪያለሽ።

በስም ግን ፈረንጁ ባለቤትሽ ግራ ሲጋባ አንቺ አትጋቢም። የኦሌ ልጅ አንደሽ «ኦልሰን» ይባላል፤ የአንደሽ ልጅ ደግሞ «አንደርሰን»። ልክ እንደኛ በአባት ስም ነው። በላዩ የሚኖሩበት እርሻ ስም ይጨመራል፤ አሜሪካ ሲገቡ አንዱ ወንድም የአባቱን፣ ሌላው የእርሻውን ስም ያዘ። ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ የተለያየ የቤተሰብ ስም ብታገኚ ባዕድ ነው ብለሽ አታውጪው። የምትፈልጊው የእርሻውን ስም ነው፤ ብዙ ጊዜ ደብዳቤው አናት ላይ ከቀኑ ጎን ይኖራል። እሱ ከተገኘ የኖርዌይ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የቤተ ክርስቲያን መዝገቦችን በኢንተርኔት በነፃ ያሳያል። ብዙ ወረዳዎችም እያንዳንዱን እርሻ ከነባለቤቶቹ የሚዘረዝር መጽሐፍ አላቸው። እርሻው ላይ ዛሬም የሚኖር ዘመድ ካለ ግማሹ ጭውውት እሱ ቤት ሊሆን ይችላል። ስሙን እዚህ ጻፊልኝ፣ እፈልጋለሁ።

የሚኒያፖሊሷ

ዛሬ ማታ ሦስት ደብዳቤ ላይ አንድ ዓይነት ቃል ከቀኑ ጎን አግኝቻለሁ፤ ፎቶውን በግል እልክልሃለሁ። የባለቤቴ እኅት የማሸጉን ነገር ትታዋለች። ዋርሳዬ አሁን የሂሳብ ደብተሩን «መጀመሪያ እኔ ልየው» ብሎ ይዞት ሄዷል።

አሮጌ ወረቀት ጠጋኝ

በይ ቶሎ አስመልሺው! ወደ ኖርዝፊልድ ከመሄድሽ በፊትም ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ፤ ሻጋታ የሚሸት ወረቀት ካለ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ለብቻውም በወረቀት ጠቅልለሽ ውሰጂው።