ያለ ማዘዣ «አራት ፍሬ አሞክሳሲሊን ስጠኝ» የሚል ደንበኛ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እንደ አሞክሳሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ (የባክቴሪያ መድኃኒት) ከመድኃኒት መደብራችን ያለ ማዘዣ እንደማይሸጥ መመሪያው ግልጽ ነው። ግን አንዱ ጉንፋን ይዞት መጥቶ አራት ፍሬ ይጠይቃል፤ ሌላው ሙሉ ማዘዣ ይዞ «ብር አልሞላልኝም፣ ግማሹን ስጠኝ» ይላል። ሁለቱን እንዴት ታስተናግዷቸዋላችሁ?

መልስ፦ ለመጀመሪያው አይሸጥለትም። «አልቋል» ብሎ መዋሸት ግን ወደሚቀጥለው መደብር መላክ ነው። ለማን እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ሌላ ምን እንደሚወስድ ጠይቁት። ጉንፋን የቫይረስ ነው፣ አሞክሳሲሊን ምንም አያደርግለትም፤ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። ለሕፃን ተቅማጥ ደግሞ ሜትሮኒዳዞል የተባለው አንቲባዮቲክ ሳይሆን ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) እና ዚንክ ነው የሚሰጠው፤ ዚንኩ ከ6 ወር በታች 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንዴ ከ10 እስከ 14 ቀን። ሰገራው ደም ካለው ወይም ሕፃኑ መጥባት ካቃተው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ላኩ። ለሳል የመጣ ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰም እንዲሁ። ትንፋሹ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠር፤ እያለቀሰ የተቆጠረ አይታመንም።

መልስ፦ ስለ ሁለተኛው ልጨምር። ግማሽ የወሰደ ሰው ሲሻለው ቀሪውን ሊገዛ አይመለስም። መጀመሪያ ንጥረ ነገሩም መጠኑም አንድ የሆነ፣ ዋጋው የቀነሰ የሌላ አምራች ምርት ካለ አሳዩት። ከሌለ ማዘዣውን ለጻፈው ባለሙያ ደውሉ። በራሳችሁ ግን በሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም በአዚትሮማይሲን አትቀይሩ፤ ሁለቱም የዓለም ጤና ድርጅት ባክቴሪያ እንዳይላመዳቸው ልዩ ጥንቃቄ ይደረግ ካላቸው ውስጥ ናቸው። ስትሪፕ (ፍሬዎቹ የታሸጉበትን ቅጠል) በመቀስ ስትቆርጡ ደግሞ የባች (የምርት ዙር) ቁጥሩና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን የታተመበት ጫፍ አንድ ወገን ላይ ይቀራል፤ በሽተኛው በሚይዘው ፖስታ ላይ ሁለቱንም ጻፉለት።

ጠያቂው፦ ደንበኛው ባለፈው ጊዜ መድኃኒት የወሰደበትን ማዘዣ ይዞ ቢመለስስ?

መልስ፦ አይሠራም። ለዚህ ነው መድኃኒቱ የተሰጠበትን ማዘዣ መደብሩ ማስቀረት ያለበት። አዲስ ማዘዣ ሲመጣ ቀኑን፣ ፊርማውን፣ የሕፃን ከሆነ ክብደቱን እዩ፤ ፔኒሲሊን አስቆጥቶት (አለርጂ ሆኖበት) ያውቅ እንደሆነም ሳትጠይቁ የዚያው ወገን የሆነውን አሞክሳሲሊን አትስጡ። የሕፃናት ዱቄት ሽሮፕ ከሆነ ጠርሙሱን መታ መታ አድርጋችሁ ዱቄቱን አላቅቁ፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ግማሽ ያህል ጨምራችሁ በደንብ ነቅንቁ፣ ከዚያ እስከ ምልክቱ ሙሉት። ውኃው በአንዴ ከገባ ዱቄቱ ሥሩ ላይ ይጓጉላል፤ የመጀመሪያዎቹ ማንኪያዎች ይቀጥናሉ፣ የመጨረሻዎቹ ይወፍራሉ። የተበጠበጠበትን ቀንም ጠርሙሱ ላይ ጻፉ።