የገና ቅርጫ ለ12 ጎረቤት

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ለገና 12 ጎረቤቶች አንድ በሬ ልንቃረጥ ነው። መደቡ ሳይበላለጥ እንዴት ይወጣል? ለክርስትና እናትስ ምን ይወሰዳል? በማግስቱ ልጆቹን ጢስ ዓባይ ብንወስድ?

መልስ፦ በሬው ከመታረዱ በፊት አንድ ቀን ይረፍ፤ ውኃ እንጂ መኖ አይሰጠው። ደክሞ የታረደ በሬ ሥጋው ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል። ንጹሕ ኮባ ዘርጉና ጉበቱን፣ ሻኛውን፣ ጎድኑን፣ ታፋውን፣ እያንዳንዱን ብልት 12 ቦታ እየቆረጣችሁ ለሁሉም መደብ አዳርሱ። ቅሬታ የሚመጣው አንዱ ብልት ሳይከፋፈል ለአንድ ሰው ሲሄድ ነው። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ምልክት፣ ጠጠርም ስንጥርም፣ ይስጥ፤ ሲደለደል ያላየ ልጅ ዕጣውን ይጣል። የቆዳውንና የጭንቅላቱን ነገር ግን ከመታረዱ በፊት ተስማሙ።

መልስ፦ እባካችሁ የእንስሳት ሐኪም ይየው። የኮሶ እጭ በዓይን ሊያመልጥ ስለሚችል ለልጆች ጥሬ አትስጡ፣ አብስሉት።

መልስ፦ ለክርስትና እናት በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ይበቃል፤ ትኩሱን አትሸፍኑት፣ ያልበዋል።

መልስ፦ ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእናንተ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ለልጅ ይከብዳል። በገና ፏፏቴው ይሳሳል። የሚያምረው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፣ ለዚያ አቆዩት።