ክርክር፦ በበዓል ሰሞን የምናመሰግነው ማንን ነው?

የደሴው መምህር፦
ወገኖች፣ ገና ደረሰ። ሰሞኑን ፒያሳን ያየ ሰው ይመሰክራል። በየሱቁ ደጅ ፕላስቲክ ዛፍ፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት፣ በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ ብርጭቆ። አንዱ ሱቅ «ምስጋናዎን በስጦታ ይግለጹ» ብሎ ለጥፏል። ለውይይት የማቀርበው ይህንን ነው፤ ምስጋና የሚሸጥ የሚገዛ ነገር ሆኗል ወይ? እኔ ሆኗል ባይ ነኝ። ጾመ ነቢያት 43 ቀን ነው። በዚያ ሁሉ ቀን የምናወራው ግን የበግ ዋጋ ነው። ደሞዝተኛው ተበድሮ ይደግሳል፣ ከዚያ ጥርን ሙሉ ዕዳ ሲከፍል ይከርማል። ዕዳ እያሳሰበው የሚበላ ሰው ተመስገን የሚለው ከልቡ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ባለሱቁ፦
መምህር፣ አከብርሃለሁ፣ ግን በዚህ አልስማማም። የበዓል ገበያ ማለት የእኔ ሱቅ ብቻ አይደለም። ከለጋምቦ ደጋ በጉን እየነዳ የሚመጣው ገበሬ ይህችን ሳምንት ነው ሲጠብቅ የከረመው። የማዳበሪያ ዕዳውን የሚከፍለው፣ ለልጁ ደብተር የሚገዛው በዚህ ነው። ቄጠማ የምትሸጠዋ እናትስ? ገበያው ሲቀዘቅዝ ቀድማ የምትጎዳው እሷ ናት።

ደግሞ የኛ ወንድ ሚስቱን በአፉ ማመስገን ያፍራል። ባለፈው ዓመት በዋዜማው አንድ የቀን ሠራተኛ መጣ። እጁ ላይ ሲሚንቶው ገና አልለቀቀም። ነጠላ መረጠ። ብሩን እያጣጠፈ ሁለቴ ቆጠረ፣ ጎደለው፣ ቀነስኩለት። ጠቅልዬ ስሰጠው «ትንሽ አሳምረህ ጠቅልልልኝ፣ ለባለቤቴ ነው» አለኝ። ይሄ ሰውዬ ምስጋና አያውቅም ልትለኝ ነው?

የኮምቦልቻዋ፦
በእኛም ያው ነው። የአረፋ ኡድሒያ፣ ማለት የመሥዋዕቱ ሥጋ፣ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ለቤት፣ ለዘመድ ለጎረቤት፣ ለችግረኛ። ፍሪጅ ከገባ ወዲህ የችግረኛው ድርሻ ሲያንስ እያየሁ ነው። በጉ ግን ከመታረዱ በፊት ቲክቶክ ላይ ወጥቷል። ይሄ ያበሽቀኛል።

ግን ሁሉም ጠፍቷል አልልም። ክርስቲያን ጎረቤቴ ለገና ስትጠራን፣ ለእኛ ተብሎ በእኛ ሰው እጅ የሚታረድ ዶሮ ለብቻ ታስቀምጣለች። እኔም ለዒድ እንደዚያው ለእነሱ። ይህን ማንም ማስታወቂያ አላስተማረንም።

የላሊበላው፦
እኛ ዘንድ ታኅሣሥ 29 የጌታም የንጉሥ ላሊበላም ልደት ነው። ምዕመኑ ቀናት በእግሩ ተጉዞ ይመጣል። የከተማው ሰው እግሩን ያጥባል፣ ያበላል፣ ያሳድራል። ክፍያ የለውም። ቤተ ማርያም ላይ የልደቱ ዝማሬ ቤዛ ኩሉ ሲወረብ የሚያለቅሰውም ይኸው መንገደኛ ነው።

ያው ከተማ ግን የሚኖረው መስቀልና ጧፍ ሸጦ፣ አልጋ አከራይቶ ነው። በኮሮናውም በጦርነቱም እንግዳ ሲቀር የደረሰብንን እናውቃለን። ንግድና ምስጋና አንድ አደባባይ ላይ መቆም ይችላሉ። መምህር ሁሉንም ባንድ ላይ ባይወቅጠው ጥሩ ነው።

የሐርቧ፦
እስካሁን ዝም ብዬ ስሰማችሁ ነበር። የምትከራከሩበትን በግ ማን እንደገዛው ልንገራችሁ።

እኛ አካባቢ የብዙ ቤት በዓል የሚደገሰው ዓረብ አገር ባለች ልጅ ደሞዝ ነው። እኔም ጅዳ ሰው ቤት ሠርቻለሁ። በዓል ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። በግ ተወዷል፣ ለታናሽሽ ጫማ፣ እነ እንትና ሶፋ ቀየሩ። እልካለሁ። ደሞዜ ሲዘገይ ከጓደኛ ተበድሬ እልካለሁ። የበዓሉ ዕለት ፎቶ ይመጣልኛል። ሶፋው፣ አዲሱ መጋረጃ፣ የተዘረጋው ምግብ፣ ሁሉም ይስቃል። ወላሂ ደስ ይለኛል። «አንቺስ ዛሬ በላሽ?» ያለኝ ግን አልነበረም። እኔ በዚያ ሰዓት የአሠሪዎቼን እንግዶች ሳህን እያጠብኩ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ የአክስቴ ልጅም ባዶ እጇን መጣች። ሰፈሩ የጠየቃት «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ብሎ ነው። ለዓመታት በእሷ ብር በዓል ያከበረ ቤት፣ ባዶ እጇን ስለመጣች አኮረፋት።

ፈጣሪን አልሐምዱሊላህ እንላለን፣ ይገባዋል። ለበጉ የከፈለችውንስ ማን ያመስግናት? ገበያ ተወቀሰ፣ ገበያ ተሞገሰ። እሷን ግን ማናችሁም አላነሳችኋትም።

የሐይቁ አባባ፦
አብሽሪ ልጄ። እውነትሽን ነው። ድሮ ቡና ተፈልቶ ዱዓ ሲደረግ አገር ጥሎ የሄደ ሰው ሳይነሳ አይታለፍም ነበር። በስሙ ተጠርቶ «በሰላም ይመልሰው» ይባልለታል፣ እናቱም አሚን ትላለች። አሁን ቡናው አለ፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ የልጅቷን ስም የሚያነሳው የብር ማውጫው ቁጥር ሲጠፋ ነው።

የደሴው መምህር፦
እህቴ፣ የተናገርሽው አንጀቴን በልቶታል። ግን ለእኔም ይመሰክራል። እነ እንትና ሶፋ ቀየሩ የሚያሰኘው ማን ነው? ይሄው የሰሞኑ ሽሚያ አይደል?

ባለሱቁ፦
ሶፋ ሻጩ ለልጃችሁ አትደውሉ አላለም። ደውሎ አንቺስ እንዴት ነሽ ለማለት ሳንቲም አይጠይቅም። ይህንን ገበያ ላይ አታላክክብኝ።

የደሴው መምህር፦
እሺ፣ ምን ይደረግ? ልጅቷ ለበዓል አትላክ? እናትየዋ በዓሉን በሽሮ ታሳልፍ?

የኮምቦልቻዋ፦
ለምን በሽሮ? ቅርጫ አለ። አራት ቤት ተሰብስቦ ያርዳል፣ ወጪው ይቀልላል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ካላረደ ያለው ማን ነው?

የሐርቧ፦
እናቴ በዓል እንዲቀርባት አልፈልግም። ሥጋም ትብላ፣ ቀሚስም ትልበስ። ለዚያ ነው የሄድኩት። የምለው ይህንን ነው፤ ከምልከው ላይ ትንሽ ትንሽ በስሜ ባንክ ያስቀመጠልኝ ሰው ቢኖር ስመለስ መነሻ ይኖረኝ ነበር። አሁን ሐርቡ መንገድ ዳር ሻይ እሸጣለሁ። ዓረብ አገር ልጅ ያላችሁ ቤቶች ዘንድሮ ለገናም ለዒድም ከሚላክላችሁ ላይ ቀንሳችሁ በስሟ አስቀምጡላት፣ ደብተሩንም ፎቶ አንስታችሁ ላኩላት።