ሥልጠና ጨርሶ ዛምቢያ ገጠር መግባት፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

ጥያቄ፦ ሰገነት

ሰላም ለሁላችሁ። ቤተሰቦቼ ከኢትዮጵያ ናቸው፣ ያደግሁት ሜሪላንድ ነው። አሁን በፒስ ኮር (ወላጆቻችን ሰላም ጓድ በሚሉት የአሜሪካ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት) ዛምቢያ ውስጥ የዓሣ እርባታ ሥልጠና ላይ ነኝ። ቃለ መሐላው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከዚያ ብቻዬን ቤምባ ወደሚነገርበት የሰሜን ገጠር እሄዳለሁ፤ ቤቱ የጭቃ ጡብና የሣር ክዳን ነው፣ መብራት የለም፣ ውኃው ከጉድጓድ ይቀዳል። ቤት ለማቋቋም በሚሰጠን ገንዘብ ምን ልግዛ? ሦስት ወር ፕሮጀክት አትጀምሩ ተብለናል፤ ታዲያ ምን ስሠራ ልዋል? ሰውስ ነጭ ፈረንጅ ጠብቆ እኔን ሲያይ ምን ልበለው?

ቆላ_ወይና_ደጋ

እህቴ፣ ገንዘቡን በአንድ ቀን እንዳትጨርሺው። መሥሪያ ቤቱ የሚሰጥሽን ዝርዝር (አጎበር፣ የውኃ ማጣሪያ፣ ብስክሌት፣ የመድኃኒት ሣጥን) አስቀድመሽ እዪና የቀረውን ብቻ ግዢ። የመጀመሪያው ሌሊት የሚጠይቅሽ ፍራሽ፣ ሁለት ጓጉንቸር፣ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሳፋ፣ ብረት ድስት፣ የከሰል ማንደጃና የሶላር መብራት ነው። ጠረጴዛና መደርደሪያ ቆይተሽ በመንደሩ አናጢ አሠሪ፤ ከከተማ ጭኖ ከማምጣት ይረክሳል፣ ከአናጢውም ጋር ያስተዋውቅሻል።

የሣር ክዳን ያፈሳል፣ አቧራና ነፍሳትም ያራግፋል። ከአልጋው በላይ ወፍራም ላስቲክ ወጥሪ፤ አንዱን ጎን ዝቅ ካላደረግሽው ውኃው መሐል ላይ ይጠራቀምና ሌሊት ይወርድብሻል። ካርቶንና ሻንጣ ግድግዳ አስጠግተሽ መሬት ላይ አታስቀምጪ፣ ምስጥ ይጨርሰዋል። ጡብ ላይ አንሺው፣ በየሳምንቱም ሥሩን እዪ። እህል ጠንካራ ክዳን ባለው ዕቃ ይሁን፤ ፌስታል ለአይጥ ምንም አይደለም።

ሰኔና ሐምሌ እዚያ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ማንደጃውን ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት እንደሚገድል አገራችንም የታወቀ ነው።

የጓሮ_ውኃ

ሦስቱ ወራት የዕረፍት ጊዜ አይደሉም። የዓመት ፈቃድ በወር ሁለት ቀን ይጠራቀምልሻል፣ ግን በእነዚህ ወራት አይወሰድም። አድረሽ የምትመለሺበት ጉዞ ካለም አስቀድመሽ ታሳውቂያለሽ።

መጀመሪያ የመንደሩን ሹም ተዋወቂ፣ ወደ ባላባቱም (የብዙ መንደሮች የበላይ ወደሆነው) የሚወስድሽ እሱ ነው። ምን ይዞ እንደሚኬድ አብሮሽ የሚሠራውን የአገሬውን ሰው ጠይቂ፤ ራስሽ ገምተሽ ገንዘብ ያለበት ፖስታ እንዳትሰጪ፣ ኋላ ለሚመጣውም ሁሉ ዋጋ ይሆናል። ባላባቱ ፊት ዝቅ ብሎ መቀመጥና መዳፍን አጎድጉዶ ቀስ ብሎ ማጨብጨብ ያስከብራል።

ከዚያ ደብተር ይዘሽ ቤት ለቤት። ማን ኩሬ አለው? መቼ ተቆፈረ? መቼ ዓሣ ወጣበት? ለምን ተተወ? የተተወ ኩሬ ከተሳካው የበለጠ ያስተምራል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከአምስቱ አንዱ ነው፦ አሸዋማ አፈር ውኃ አልያዘም፣ ዛፍ ፀሐይ ከለከለው፣ ጅረት ውስጥ ተቆፍሮ ጎርፍ ወሰደው፣ ውኃ መግቢያው ወንፊት ስለሌለው አምባዛ ገብቶ የዓሣ ጫጩቶቹን በላ፣ ወይም የሚረባው ዓሣ ቆሮሶው ከልክ በላይ ተራብቶ ሁሉም ጣት አክሎ ቀረ። ሕዝቡ ግን «ዓሣ እዚህ አይሆንም» ይልሻል። የዝናቡን (ከኅዳር እስከ ሚያዝያ)፣ የእርሻውንና የረኃቡን ወራት የያዘ ሰሌዳ ከሴቶቹ ለብቻ፣ ከወንዶቹም ለብቻ ጠይቀሽ ሥሪ፤ መልሳቸው አይገጥምም።

አንድ ሰው «አሁኑኑ እንቆፍር» ቢልሽ የአፈር ፍተሻውን አሳዪው እንጂ አትቆፍሪለት። እስከ ወገብ ጥልቀት ጉድጓድ ቆፍሮ ጠዋት በውኃ ይሙላው። ማታ የጎደለውን ሞልቶ በቅጠል ይሸፍነው፤ በማግስቱ አብዛኛው ካለ አፈሩ ይይዛል። ይህን ራሱ ያልሠራ ሰው 10 በ15 ሜትር ኩሬ ቆፍሮ አይጨርስም። ቆፍሮ ለጨረሰ፣ በካሬ ሜትር ሁለት ጫጩት ስለሚገባ ለ150 ካሬ ሜትር 300 ይበቃዋል።

ሰገነት

አመሰግናለሁ፣ በጣም ጠቀመኝ። ስለ ውኃውና ስለ ወባ ክኒኑስ? ዶክሲሳይክሊን ነው የተሰጠኝ፣ ሆዴን ያቃጥለኛል።

ነርስ_ከሲያትል

ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም በየቀኑ ነው። ሆድ የሚያቃጥለው በአብዛኛው በባዶ ሆድ ወይም በጉንጭ ውኃ ተውጦ ወዲያው ሲተኙ ነው፤ ክኒኑ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል። እራት በልተሽ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ከመኝታ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ውሰጂው። ከወተት፣ ከብረት ክኒንና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አይሆንም፣ ሥራውን ያዳክሙታል። ቆዳን ለፀሐይ ስስ ስለሚያደርግ ኩሬ ዳር እጀ ረጅም ልበሺ። ከወባ አገር ከወጣሽ በኋላም አራት ሳምንት ይቀጥላል። ካልተስማማሽ ሐኪምሽ በሌላ ይለውጥልሻል፤ በራስሽ ማቆም ግን ለሕይወትም ለአገልግሎቱም አደጋ ነው። ክኒን እየወሰድሽም ትኩሳት ከያዘሽ በዚያው ቀን ደውዪ፣ «ጉንፋን ይሆናል» ብለሽ አትደሪ።

ውኃው ከደፈረሰ እስኪጠራ አስቀምጪው፣ ከዚያ በጨርቅ አጥልለሽ አፍሊ። እየተንፈቀፈቀ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ሦስት ደቂቃ የሚያስፈልገው ከ2000 ሜትር በላይ ነው፣ አንቺ የምትሄጂበት ከዚያ ዝቅ ይላል። ማጣሪያው ሲዘገይ የሸክላውን ሻማ (ውስጡ ያለውን ውኃ የሚያጣራውን ክፍል) በለስላሳ ብሩሽና በንጹሕ ውኃ ብቻ ፈትጊ፣ ሳሙና አይነካው። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካየሽ ጣይው።

ጎማ_ጠጋኝ

ብስክሌቱን የረሳችሁት ለምንድን ነው? ወደ ወረዳው ከተማ፣ እነሱ ቦማ ወደሚሉት፣ የሚያደርስሽ እሱ ነው፤ ሞተር ብስክሌት ላይ መፈናጠጥ ከፕሮግራሙ ያስባርራል። ኮረኮንቹ መንገድ ብሎን ስለሚፈታ ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ መሪውንና ፔዳሉን አጥብቂ። የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገለበጠ ነው፣ ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው፤ ይህን ያላወቀ በግድ እያዞረ ጥርሱን ይበላዋል። ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ማጣበቂያ፣ መንፊያና የካቴና ዘይት ይኑርሽ። ሄልሜት ግዴታ ነው።

ቆላ_ወይና_ደጋ

ሦስተኛው ጥያቄሽ ሳይመለስ ቀረ። መጀመሪያ ቀን አብሮሽ የሚሠራው ሰው በስብሰባ ላይ ያስተዋውቅሽ፦ ቤተሰቦቿ ከኢትዮጵያ፣ እሷ አሜሪካዊት፣ ከፒስ ኮር የመጣች። ሁለቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተናገርሽ «እውነተኛዋ ፈቃደኛ መቼ ትመጣለች?» እየተባለ ወር ይሄዳል። በጎ ጎኑ፣ ገበያ ላይ ቶሎ አትለዪም፤ ጉዳቱ፣ ቤምባ ሳትችዪ በቤምባ ይፈጥኑብሻል፣ ስለዚህ የቋንቋ አስጠኚ ወጪ ይሸፈን እንደሆነ ከመሐላው በፊት ጠይቂ። ንሺማው፣ የበቆሎ ዱቄት ምግባቸው፣ ገንፎ ነው፣ ቅቤና በርበሬ የሌለው። ሽሮና በርበሬ በደንብ ታሽጎ ይቆያል፤ ከእናትሽ የሚላክ ካለ ዝናቡ ሳይገባ ይድረስ።