ልጄ የዋተር ፖሎ በረኛ ናት፤ በዚህ ሥራ ሰው ይኖራል?

የሳንሆዜው አባት፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። 15 ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ። ሃይስኩል ከገባች ወዲህ ዋተር ፖሎ የሚሉትን የውሃ ውስጥ ኳስ ጨዋታ ይዛለች። እኔ ዋና መስሎኝ ፈረምኩ፤ ሄጄ ሳየው ውሃ ውስጥ ትንቅንቅ ነው። የኔዋ ደግሞ በረኛ ናት፤ ኳሱን አንዳንዴ በፊቷ ትመልሰዋለች። አሁን አሰልጣኟ ትልቅ ክለብ ትግባ፣ እስከ ብሔራዊ ቡድን መድረስ ትችላለች ይለኛል። ክፍያው ቀላል አይደለም። እናቷም «ፋርማሲ ትማራለች ስንል ኳስ ስትመልስ ልትኖር ነው?» እያለች ነው። የጸጉሯማ ነገር አይነሳ። የሚያውቅ ሰው እውነቱን ይንገረኝ፦ ጫፍ የደረሰች ተጫዋች ምን ታገኛለች? ሯጮቻችን የሚያገኙት ዓይነት ነገር አለው?

ቀይ ኮፍያ፦
ጋሼ፣ አባቴ የጻፈው መሰለኝ እኮ! እኔም በረኛ ነበርኩ፤ ሃይስኩልም ኮሌጅም እዚሁ ካሊፎርኒያ ተጫውቻለሁ። ብሔራዊ ቡድን አልደረስኩም፤ የደረሱት ግን በደንብ አግብተውብኛል።

እንደ ሯጮቻችን? የለም። አንድ ትልቅ ማራቶን ያሸነፈ ሰው አዲስ አበባ ቤት ይሠራል። የአሜሪካ የሴቶች ቡድን በለንደን፣ በሪዮና በቶኪዮ ኦሎምፒኮች ተከታትሎ ወርቅ ወስዷል፤ ያም ሆኖ በ2024 ከፓሪስ በፊት አምበሏ ማጊ ስቴፈንስ ኢንስታግራም ላይ ወጥታ ከጓደኞቿ ብዙዎቹ ሁለተኛ፣ አንዳንዶቹም ሦስተኛ ሥራ እየሠሩ እንደሚጫወቱ ጻፈች። ይህችው ሴት እኮ በ19 ዓመቷ በ2012 የለንደን ፍጻሜ ስፔን ላይ ብቻዋን 5 ጎል ያገባች ናት። ጽሑፏን ያየው ራፐሩ ፍሌቨር ፍሌቭ ነው ስፖንሰር የሆናቸው። እንግዲህ ይፍረዱት፤ ሦስቴ የኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደ ቡድን የሚደግፈው ሰው በአስተያየት መስጫ ሥር ተገኘ። ልምምዱ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ሎስ አላሚቶስ ነበር፤ የዚያን አካባቢ የቤት ኪራይ ለእርስዎ አልነግርዎትም።

ለልጅዎ የማሳያት ግን ስቴፈንስን ሳይሆን አሽሊ ጆንሰንን ነው። እሷም በረኛ ናት። ማያሚ ያደገች፣ ወላጆቿ ከጃማይካ የመጡ፣ እናቷ ነርስ። ዋተር ፖሎ ማለት ካሊፎርኒያ በሆነበት አገር ከፍሎሪዳ ተነስታ በ2016 የአሜሪካ የዋተር ፖሎ ኦሎምፒክ ቡድን ውስጥ የገባች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ከዚያም ጣሊያንን 12 ለ 5 ረትተው ወርቁን ወሰዱ። ኮሌጅ ስትመርጥ ሻምፒዮናውን ወደሚወስዱት ወደ ስታንፎርድ፣ ወደ ዩሲኤልኤ ወይም ወደ ዩኤስሲ አልሄደችም፤ እስከ 2025 ድረስ የሴቶቹን ዋንጫ ከነዚህ ከሦስቱ ሌላ የወሰደ የለም። እሷ የመረጠችው ፕሪንስተንን ነው። ፕሪንስተን ያለበት አይቪ ሊግ የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ስብስብ ለስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም፣ ቢሆንም ሄደች። ለሪዮ ስትዘጋጅ ትምህርቷን አንድ ዓመት አቆመች፣ ወርቁን ይዛ ተመልሳ በሳይኮሎጂ ተመረቀች። ለባለቤትዎ ይህንን ይንገሩልኝ።

ሥራው ምን እንደሆነ ደግሞ ልንገርዎት፤ ከዳር ሆኖ ሲታይ አይገባም። ጎሉ 3 ሜትር ስፋት፣ ከውሃው በላይ 90 ሳንቲሜትር ነው። መሬት መርገጥ የለም። እኛን 20 ሊትር የሚጠጋ የውሃ ጀሪካን ከነውሃው በሁለት እጅ ከራስ በላይ አስይዘው፣ አገጭ ከውሃ ሳይነካ በእግር ብቻ ያቆሙናል። ጉልበት እያንዳንዱ ለብቻው በየፊናው ይዞራል፤ ዳሌ ላይ የሚፈጥረውን ሕመም ዛሬም ደረጃ ስወጣ አውቀዋለሁ። ከጨዋታ በፊት ዳኛ ጥፍራችንን ይፈትሻል፣ ረጅም ከሆነ እዚያው ትቆርጫለሽ። እውነት ለመናገር ከውሃ በታች የሚሆነውን ዳኛውም አያየውም። በረኛ በዚህ በኩል ትሻላለች፤ የሚጎትታት የለም፣ የሚመታት ኳሱ ነው።

ወንድም ከካታንያ፦
ወንድሜ፣ እኔ ሲሲሊ ነው የምኖረው። እዚህ ኦሪዞንቴ የሚባል የሴቶች ክለብ አለ፤ ከ20 ጊዜ በላይ የጣሊያን ሻምፒዮን ሆኗል። አሜሪካኖቹ ኮሌጅ ሲጨርሱ ወደ ጣሊያን፣ ግሪክ፣ ስፔንና ሃንጋሪ ይመጣሉ። ቤትና ደመወዝ ይሰጣቸዋል ይባላል፤ የወንዶቹን እግር ኳስ ግን እንዳታስብ። ለሁለት ለሦስት ዓመት አገር አይቶ፣ ቋንቋ ተምሮ ለመመለስ ይሆናል። ለጡረታ አይሆንም።

የኦክላንዷ እናት፦
የጸጉሩን ነገር ለኔ ተዉት፤ የኔም ልጅ ትጫወታለች። ውሃው ውስጥ ሳትገባ በቧንቧ ውሃ አርሷት፤ ጸጉር አስቀድሞ ከጠጣ ክሎሪኑን ብዙ አይጠጣም። ኮንዲሽነር ጨምሩበት። ሹሩባው በራሷ ጸጉር ይሁን፣ ቀጭንና ራስ ላይ ልጥፍ ያለ። ያ ኮፍያ የጆሮ መከላከያ አለው፣ አገጭ ሥር ነው የሚታሰረው፤ ዊግ ጨምራችሁ ካወፈራችሁት በጨዋታ መሃል ሲወልቅ ታያላችሁ። እንደወጣች ወዲያው ትታጠብ፤ ቤት እስክትደርስ አትጠብቅ።

የሳንሆዜው አባት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ቀይ ኮፍያ የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ጆንሰን ፓሪስ ላይ ተሸነፈች አይደል? እንግዲህ አለቀላት ማለት ነው? እኛስ ዘንድሮ ምን እናድርግ?

ቀይ ኮፍያ፦
ፓሪስማ ያማል ጋሼ። በግማሽ ፍጻሜው አውስትራሊያ በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈቻቸው፣ ለነሐሱ ደግሞ ኔዘርላንድ በመጨረሻዋ ቅጽበት አግብታ 11 ለ 10 ሆነ። አራተኛ ወጡ። ግን ጆንሰን ያኔ ገና 29 ዓመቷ ነው፤ በዚያ ዕድሜ አለቀላት አይባልም። በረኛ እየበሰለች ነው የምትሄደው፤ ተኳሿ ትከሻዋን ከማንሳቷ በፊት ዓይኗን ማንበብ ጊዜ ይፈልጋል።

ዘንድሮ? ክለቡ ያስገቧት፤ ክፍያውን ግን በየወሩ እንዲሆን ይጠይቁ፣ ለአቅም የሚሰጥ ድጋፍ ካለም አያፍሩ፣ ይጠይቁ፤ ብዙ ወላጅ ስለማይጠይቅ ነው የሚቀርበት። ጨዋታዎቿን ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ያዳነችውን ብቻ ሳይሆን የገባባትንም ጭምር። የኮሌጅ አሰልጣኞች በቀጥታ ሊያናግሯት የሚችሉት 10ኛ ክፍልን ከጨረሰች በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው፤ እስከዚያ ኢሜይል ራሷ ትጻፍ፣ እርስዎ አይጻፉላት። ኬሚስትሪዋ ላይ ከቢ በታች እንዳትወርድ። ፋርማሲ ካለባቸው ኮሌጆች የትኞቹ የሴቶች ቡድን እንዳላቸው ከእናቷ ጋር ቁጭ ብላችሁ ዝርዝር አውጡ፤ ዝርዝሩን እዚህ ከለጠፋችሁልኝ የማውቃቸውን አሰልጣኞች ባሕርይ በውስጥ መስመር እነግርዎታለሁ።