የጀልባዬ የዕቃ ማስቀመጫ በሮች ተሰነጣጠቁብኝ፣ በምን ልተካቸው?

ሰላም ናችሁ? ባሕር ዳር ነኝ። በጣና ላይ ወደ ዘጌ ሰው የማመላልስበት አሮጌ የፋይበር ግላስ ጀልባ አለኝ። የላይፍ ጃኬት ማስቀመጫዎቹ አራት የፕላስቲክ በሮች ፀሐይ በልቷቸው ነጥተዋል፣ ማጠፊያው የሚታሰርበት ጠርዝ ላይም ተሰነጣጥቀዋል። እያንዳንዳቸው 30 በ60 ሳንቲሜትር ናቸው።

መጀመሪያ በኢፖክሲ አጣበቅኳቸው፣ ሳምንት ሳይሞላው ተላጠ። ቀጥሎ ከኮምፔንሳቶ አስቆርጬ ቀለም አስቀባሁ፤ ክረምት ሲገባ ግን ውሃ ጠጥቶ አበጠና አልዘጋ አለ። ማዕበል ሲነሳ ውሃው በቀጥታ ጃኬቶቹ ላይ ነው የሚገባው፣ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው፣ ሰው የሚተማመነው በነሱ ነዋ።

አሁን አንድ ጓደኛዬ ሥጋ ቤት የሚጠቀሙበትን ወፍራም የመክተፊያ ፕላስቲክ ቁረጥ አለኝ። 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ብሎን ይዞ ፀሐዩን ይችላል ወይስ በፋይበር ግላስ ባሠራው ይሻለኛል?